ሳይጫወቱ ያሸነፉት አጥቂ

ሰቆጣ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ኳስ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቀድሞ የመጣ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ የዘገየ ይቆማል፣ በጣም የዘገየ ደግሞ በር ላይ ሆኖ በሰው ትከሻ መሀል ያሾልቃል። ባለፈው አንድ ምሽት እኔም ከቆሙት አንዱ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ወሬው፣ ግማሹ በኽምጣኛ ግማሹ በአማርኛ፣ ወደ ዓለም ዋንጫ ዞረ። አንዱ ለ2026ቱ ዋንጫ አፍሪካ 9 ቀጥታ ቦታ እንዳላት ተናገረ። ከፊቴ የተቀመጠ፣ የበረኛ ጓንቱን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ልጅ ዞር አለና 9ኙን ማን ሰጠን ብሎ ጠየቀ። ፊፋ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሰጣል አሉት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፣ ወሬውም እዚያው ቀረ።

እኔ ግን ቤት ከገባሁም በኋላ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ አንድ ነገር ተሰጠ ሲባል ሂሳቡን ማን ከፈለ ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል። ያንን ቦታ ፊፋ በደግነት አልሰጠም። ሰዎች ታግለው ነው ያስለቀቁት። ከእነዚያ ሰዎች ግንባር ቀደሙ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ ጎል አግቢ፣ አሰልጣኝ፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ። ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ።

ስማቸውን የሰማችሁ ብዙ ናችሁ ብዬ እገምታለሁ። ታሪካቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከስማቸው በቀር እምብዛም አላውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሳቸው ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዓለም ዋንጫዎቹን ብቻ እንዳይምታታባችሁ በለመዳችሁት ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

የእንቁጣጣሽ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ውስጥ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። በአዲስ ዓመት ቀን ማለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ሲነሳ ከሁሉ ቀድመው የሚጠሩት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ በግጥምና በቀልድ አዋቂነታቸው አገር ያወቃቸው ሰው። የልጅ ኢያሱም ወዳጅ ነበሩ። ቤቱ እንግዲህ የታወቀ ሰው ቤት ነው፤ ልጁ ግን ስሙን በዘፈን ሳይሆን በኳስ ነው ያስጠራው።

አዲስ አበባ ላይ ኳስ ያኔ አዲስ ነገር ነበር። የሚጫወቱት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ጣሊያኖች። በታህሳስ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ አንድ ቡድን አቋቋሙ። ዛሬ ፈረሰኞቹ የምንለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ይድነቃቸው ያን ጊዜ 14 ዓመታቸው ነበር። ቡድኑ በተመሠረተበት ጊዜ ገቡ፣ ማሊያውንም ለ23 ዓመት አላወለቁትም።

ወሩን ግን ልብ በሉ። ታህሳስ 1928 ማለት ጦርነት ላይ ነን ማለት ነው። ጣሊያን በሰሜን ገብቷል። በሚያዝያ ማብቂያ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የአራዳ ልጆች ክለብ ገና አምስት ወር ሳይሞላው የሚጫወትበት ከተማ የሌላ ሰው ሆነ።

ስሙ የተነጠቀ ቡድን

የፋሺስት አስተዳደር ነጭና ጥቁርን በሕግ ለየ። ሰፈሩ ተለየ፣ ሜዳውም ተለየ። አበሻ ከአበሻ ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በስሙ እንኳ መጠራት አልቻለም፤ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር የሚባል የጣሊያን ስም ተለጠፈበት። እስቲ አስቡት። ዕድሜህ 15 ወይም 16 ነው፣ ኳስ ነፍስህ ነው፣ ትጫወታለህ፤ ነገር ግን የምትጫወትበት ስም የወራሪህ ነው፣ ከማን ጋር እንደምትጫወት የሚወስነውም የቆዳህ ቀለም ነው።

በእነዚያው ዓመታት እዚህ ዋግ ውስጥ ምን እንደሆነ የሰቆጣ ሽማግሌዎች ይነግሯችኋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሕዝቡን ይዘው በጣሊያን ላይ ተነሡ፤ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉ፣ አንገታቸው ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ ታየ። የዋግ ሰው ያን ዘመን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። የአራዳው ልጅ ደግሞ በኳስ ሜዳ አስታወሰው። የሁለቱ መከራ እኩል ነው አልልም፤ ሞትና የተነጠቀ ስም አይወዳደሩም። የመጡት ግን ከአንድ ቦታ ነው። እኔ እንደማምነው፣ የይድነቃቸው የኋላ ሕይወት ሁሉ መነሻው ይኼ የልጅነት ዘመን ነው። ዘር የለየውን ሜዳ በመጽሐፍ አይደለም ያወቁት፤ ተጫውተውበታል።

318 ጎል፣ ያለ ደመወዝ

ነጻነት ሲመለስ ጊዮርጊስም ስሙን መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ይድነቃቸው እየተጫወቱ በማቋቋሙ ውስጥ ነበሩበት። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲካሄድ 5 ቡድኖች ተሳተፉ፤ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የእንግሊዞቹ ቡድን ወሰደው። ቢሆንም አንድ ነገር ተለውጧል፤ ከጥቂት ዓመት በፊት እንዳይገናኙ የተከለከሉት ሰዎች አሁን በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ዳኛ ይጋጠማሉ።

እሳቸው አጥቂ ናቸው። በመዝገብ የሰፈረው ቁጥር ለጊዮርጊስ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል ይላል። ካልኩሌተር አውጡና አካፍሉት፤ በየጨዋታው 0.87 ጎል ነው። ለዛሬ አጥቂ ይህን ቁጥር ብታሳዩት የዝውውር ዋጋውን ነው መጀመሪያ የሚያሰላው። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው በ1940 ዓ.ም. ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር ሲሆን 5 ለ 0 አሸንፎ ነው የጀመረው።

ለዚህ ሁሉ ጎል የተከፈላቸው ደመወዝ አልነበረም። ያኔ ኳስ ሥራ አይደለም፤ ከሥራ በኋላ የሚሠራ ነገር ነው። ይኼን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ከእሳቸው ጋር የማልስማማበት ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ካርቱም ላይ የተባረረው ማን ነው

በ1949 ዓ.ም. የካቲት ላይ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን ማለት ነው፣ መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ናቸው። ወዲያውም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲካሄድ ተወሰነ። አራት አገር፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ ፍጻሜ፤ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ የደረሳት ደቡብ አፍሪካ ናት።

ችግሩ የደቡብ አፍሪካ ቡድን ነበር። አገሪቱ በአፓርታይድ ሥር ናት። ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ቡድን እልካለሁ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት፤ የተቀላቀለ ግን አልልክም አለች። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ደግሞ የተቀላቀለ ቡድን ካልሆነ አትመጡም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ወጣች።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። አራት ቡድን ያለው ውድድር አንዱን ሲያባርር ሩቡን አጣ ማለት ነው። ገና ያልተወለደ ውድድር ነው፤ ገንዘብ የለው፣ ስም የለው። ነገሩን አድበስብሰን እንጀምርና በኋላ እናስተካክለዋለን ማለት ይቻል ነበር። በዚያው ጊዜ ዓለም በሙሉ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ይጫወት ነበር እኮ። ሦስቱ ግን በመርህ ጀመሩ። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ፍጻሜ ደረሰችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ተጫዋች ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጤት ለእኛ ይኼ ነበር። በውጤት ሰሌዳው ላይ የማይታየው ነገር ግን ከዋንጫው ይበልጣል፤ በልጅነታቸው ቀለም ከለየው ሜዳ የመጡት ሰው፣ ቀለም የሚለይ ቡድን ሜዳቸው እንዳይገባ በወሰነው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር።

የጥር 13 ከሰዓት

ይድነቃቸው በ1950 ዓ.ም. ጫማቸውን ሰቀሉ። ከአራት ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆነው ነው የምናገኛቸው። ይህን ክፍል አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ከእኔ በላይ ያጫውቷችኋል፤ ግን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው።

በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር ነው፤ ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ግብፅ ቀድማ አገባች። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ደስታው ገና ሳያልቅ፣ በ75ኛው፣ ግብፅ ደገመች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስተካከለ። ተጨማሪ ሰዓት። የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አስቆጠሩ። 4 ለ 2። አፄ ኃይለሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ አስረከቡ። ይኼ እስከ ዛሬ ድረስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

የአምበሉን ስም ልብ ብላችሁታል? ሉቺያኖና ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። በጣሊያን ዘመን ስሙን የተቀማ ቡድን ውስጥ ያደገ አሰልጣኝ፣ የጣሊያን ስም ያለውን አምበል ይዞ ዋንጫ አነሣ። ለይድነቃቸው ጠቡ ከሥርዓቱ ጋር እንጂ ከሰው ስም ወይም ከሰው ደም ጋር አልነበረም ብዬ የማስበው ለዚህ ነው።

ሦስት አህጉር፣ አንድ ወንበር

አሁን ወደ በረኛው ልጅ ጥያቄ ደረስን።

ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ፊፋ 16 ቦታ ነበረው። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፤ አስተናጋጇን ጨምሮ ለአውሮፓ 10፣ ለደቡብ አሜሪካ 4፣ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ 1። ቀሪዋ አንድ ወንበር ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ። የአፍሪካ አሸናፊ አፍሪካን ሁሉ ካሸነፈ በኋላ እንኳ ወደ ዋንጫው አይሄድም፤ ገና ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር መግጠም አለበት።

የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተሰማ ይህን አንቀበልም አሉ። አፍሪካ በራሷ ውድድር ለወጣ አሸናፊ አንድ ሙሉ ቦታ ካልተሰጣት ማንም አይጫወትም። በዚያ ላይ ፊፋ በደቡብ አፍሪካ ላይ የጣለውን እገዳ አንስቶ ነበርና ቁጣው ድርብ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ካፍ ወሰነ፤ ለማጣሪያው የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ወጡ። ፊፋ ቅጣት ጣለባቸው። እነሱም አልተመለሱም።

ይህ በወሬ ሲነገር ይቀላል። ዋጋውን ግን አስሉት። ጋና የ1963ቱም የ1965ቱም የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ ያ ትውልድ ዓለም ዋንጫ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር መቼም አናውቅም። ኢትዮጵያም ከ15ቱ አንዷ ነበረች። ዋንጫ ካነሣን ገና ሁለት ዓመት አልፎናል፣ መንግሥቱ ወርቁ አለ፣ ሉቺያኖ አለ፤ እንወጣለን ብለን ወጣን። ለአንድ ተጫዋች ዓለም ዋንጫ የሚመጣው ምናልባት በዕድሜው አንዴ ነው። ያንን ነው የሰጡት።

ያለ አፍሪካ የተካሄደው ዋንጫ ላይ ሁለት ነገር ሆነ። ያቺን አንድ ወንበር ያገኘችው ሰሜን ኮሪያ ጣሊያንን 1 ለ 0 አሸንፋ ዓለምን አስደነገጠች፤ ትንሽ ናቸው የተባሉት ትንሽ እንዳልሆኑ ታየ። ሁለተኛው ይበልጥ ያንገበግባል። የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ፣ በ9 ጎል፣ ኤውዜቢዮ ነበር። የተወለደው ሞዛምቢክ ነው፤ የለበሰው የፖርቱጋልን ማሊያ ነው። አፍሪካ አልሄደችም፣ አፍሪካ የወለደችው ልጅ ግን በሌላ አገር ስም ሁሉንም በለጠ።

እምቢታው ሠራ። ለ1970ው የሜክሲኮ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፈች፣ ካሜሩን ሳትሸነፍ ወጣች። በ1998 አምስት ሆነ። በ2026 ደግሞ 9። የዛሬዋ 9 የመጀመሪያዋ ቁጥር ያቺ አንዷ ናት፤ ያቺ አንዷ ደግሞ ባልተደረጉ ጨዋታዎች ተገዛች። 318 ጎል ያገቡት ሰው በሕይወታቸው ትልቁን ጎል ያገቡት ባለመጫወት ነው።

እሳቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. ፊፋ ውስጥ እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ዦአዎ አቬላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጭራሹን አባረረ። ካርቱም ላይ በሦስት አገር የተወሰነው ነገር 19 ዓመት ወስዶ የዓለም ውሳኔ ሆነ። በመሀሉ እዚህ አገር ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ገብቷል፤ ይድነቃቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በካፍ ወንበር ላይ ነበሩ።

የማልስማማበት

ጀግናን ብቻ ማወደስ አልወድም፤ እናንተም አትወዱትም። ስለዚህ ወደ ያዛችሁልኝ ነገር ልመለስ።

ይድነቃቸው ሌላም ትግል ነበራቸው፤ የተጫዋች ወደ አውሮፓ መሄድ። እንደ እሳቸው አስተያየት አፍሪካ ምርጫ አላት፤ ወይ ልጆቿን ይዛ አንድ ቀን ከላይ ትደርሳለች፣ ወይ ምርጦቹን እየላከች ለሀብታም አገሮች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች። ጥሬ ዕቃ የሚለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥሬ ቡና እንልካለን፣ ተቆልቶና ታሽጎ በአሥር እጥፍ ዋጋ ሌላ ሰው ይሸጠዋል። ኤውዜቢዮን አስታውሱ። እሳቸው ያዩት ይህንን ነው።

ካፍም ከ1965ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ጀምሮ አንድ ቡድን ውጭ አገር ከሚጫወቱት ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ እስከ 1982 ቆይቶ ቀረ። ተጫዋቾቹ ግን አልቀሩም፤ መሄዳቸውን ቀጠሉ።

ለምን አንዱ እምቢታ ሠርቶ ሌላው ወደቀ? ብዙ አሰብኩበት። የኔ መልስ ይኼ ነው። በ1966ቱ ዋንጫ ጊዜ ዋጋውን ሁሉም በጋራ ከፈሉ። 15 አገር አብሮ ወጣ፤ ከመሀል አንዱ ሾልኮ ቢገባ ኖሮ እምቢታው በዚያው ይፈርስ ነበር፤ ማንም አልሾለከም። በዚያ ላይ የራሳቸው ዋንጫ ነበራቸው፤ የሰው ሜዳ ሲዘጋ የሚጫወቱበት ቤት ነበራቸው። የተጫዋቹ ጉዳይ ላይ ግን ዋጋውን የሚከፍለው አንድ ልጅ ብቻውን ነው። አገር ይጠቀም ዘንድ አንተ ደሀ ሁን ተባለ። የእግር ኳስ ተጫዋች ዕድሜ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ ጉልበቱ ከተሰበረ ደግሞ አንድ ቀን። ያንን ልጅ አትሂድ ለማለት መጀመሪያ ለመቅረቱ የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት።

ይድነቃቸው 23 ዓመት ያለ ደመወዝ ተጫውተዋል፤ ክብር ነው። ግን የነጋድራስ ልጅ ናቸው፤ ቤታቸው ኳሱን አይጠብቅም ነበር። የሰቆጣው በረኛ ቤት ይጠብቃል። እሱ በአንድ ቀን ሥራ ጤፍ ገዝቶ የሚገባ ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ወደ ወልድያ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም በበረሃ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ነገ አንድ ክለብ ከየትም መጥቶ ቢጠራው እኔ ሂድ ነው የምለው። በዚህ አልስማማቸውም።

በምርመራው ግን፣ ማለትም በሽታውን በማየቱ፣ ትክክል ነበሩ። ዛሬ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ከፍለን የምናየው ጨዋታ ውስጥ ጎል የሚያገቡት የአፍሪካ ልጆች ናቸው፤ ገንዘቡ የሚቀረው ግን እዚያ ነው። ከዚህም የሚያሳዝነው የራሳችን ነገር ነው። ለአፍሪካ ቦታ ያስለቀቁት ሰው አገር፣ ኢትዮጵያ፣ በዚያ ቦታ አንዴም ተቀምጣ አታውቅም። በጣም የቀረብነው ለ2014ቱ ዋንጫ ነበር፤ በመጨረሻው ማጣሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ቀረን። በር ማስከፈት አንድ ነገር ነው፣ በበሩ መግባት ሌላ። የመጀመሪያውን እሳቸው ሠርተዋል። ሁለተኛው ሜዳ ይፈልጋል፣ አሰልጣኝ ይፈልጋል፣ ለልጅ የሚከፈል ነገር ይፈልጋል፤ ይኼን ደግሞ የሞተ ሰው አይሠራልንም።

የቡሄ ዕለት

ይድነቃቸው ተሰማ በካንሰር ታመው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ቀኑ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር፤ ቡሄ። በእንቁጣጣሽ የተወለዱት ሰው በቡሄ ሄዱ፤ 66 ሊሞላቸው ሳምንታት ቀርተው ነበር። ከመሞታቸው አንድ ዓመት በፊት ሞሮኮ በሜክሲኮ ምድቧን አንደኛ ሆና ስትጨርስ፣ ከአፍሪካም የመጀመሪያዋ ሆና ወደ ሁለተኛው ዙር ስታልፍ አይተዋል። ያላዩት ግን ብዙ ነው። ደቡብ አፍሪካ የተቀላቀለ ቡድን ይዛ ወደ ዓለም ኳስ የተመለሰችው እሳቸው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች፣ በ2010 ደግሞ የዓለም ዋንጫን አስተናገደች። ካርቱም ላይ በር የተዘጋባት አገር በሩ ሲከፈትላት ትልቁን ድግስ ደገሰች። በሩ የተዘጋው እንዲህ ሆኖ እንዲከፈት ነበርና ቢያዩት ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ባለፈው እሁድ ያንን ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አቧራ ሜዳ ላይ አገኘሁት። ሁለት ድንጋይ መሀል ቆሟል፤ ጓንቱ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ጨዋታው ሲያልቅ ጠርቼ ለጥያቄህ መልስ አለኝ አልኩት። የትኛው ጥያቄ አለኝ፤ ረስቶታል። ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ያኔ እንዳይሄዱ የተደረጉት ተጫዋቾች፣ እነ መንግሥቱ፣ አልተናደዱም ወይ አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስልኩን አወጣና የሰውየው ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ጻፍኩለት። ኔትወርክ ስላልነበረ ማታ እፈልገዋለሁ ብሎ ጓንቱን አውልቆ ሄደ።